የፍሬ ዛፎች እንቅልፍና ብርድ፤ ዕውቀቱ ከየት እንደ ተገኘ

በአማርኛ «ክረምት» ማለት የዝናብ ወራት ማለት ነው። ሰማዩ የሚጠቁርበት፣ ወንዙ የሚሞላበት፣ ምድሩም የሚለመልምበት ጊዜ ነው፤ ዕፅዋት ይልቁንም የሚያድጉት በእነዚህ ወራት ነው። የአውሮጳ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ይኸው ቃል በረዶ የሚወርድበትን፣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆምበትን የሰሜን አገር ወቅት እንዲገልጽ ተደርጓል። ይህ አተረጓጐም በተረትና በልብ ወለድ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ጥቂት ነው፤ በአትክልት ሥራ ላይ ግን ጥቂት አይደለም። የኢትዮጵያ ደጋ አጥንት የሚሰብር ብርድ የሚያገኘው በክረምት ሳይሆን በበጋ፣ ያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። ጧት ውርጭ ያረፈበት መስክ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሓይ ያቃጥለዋል። ስለዚህ «የፖም ዛፍ ክረምት ይፈልጋል» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ዛፉ ዝናብ የሚፈልግ ይመስለዋል። ዛፉ የሚፈልገው ግን ብርድን፣ ያውም ሳምንታት የዘለቀ ብርድን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያ የሰሜን አገር ወቅት «የብርድ ወራት» ይባላል። የተጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ፖም፣ ኮክ፣ ፒር፣ ቼሪና እነዚህን የመሳሰሉ ቅጠላቸውን የሚያረግፉ ዛፎች የሚመጣውን ዓመት ቅጠልና አበባ አስቀድመው በእምቡጥ ውስጥ አዘጋጅተው፣ በጠንካራ ሽፋን ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። ከዚያ በኋላ እምቡጡ ይተኛል። የእምቡጥ እንቅልፍ ግን አንድ ዐይነት አይደለም። አንደኛው እንቅልፍ በአቅራቢያው ያለው ቅጠል ወይም ከበላዩ ያለው የቅርንጫፍ ጫፍ ስለሚከለክለው የሚመጣ ነው፤ ቅጠሉ ቢመለመል ወይም ጫፉ ቢቈረጥ እምቡጡ ይነቃል። ሁለተኛው እንቅልፍ ውጭው ስለ በረደ ወይም ስለ ደረቀ ብቻ የሚቈይ ነው፤ አየሩ ሲሻል ያበቃል። ሦስተኛው ግን ከራሱ ከእምቡጡ ውስጥ የመነጨ ነው። ቅርንጫፉ ተቈርጦ ሞቃት ቤት ውስጥ ቢገባ፣ እግሩም ውሃ ውስጥ ቢነከር እንኳ አይነቃም። አሜሪካዊው ግሪጎሪ ላንግና የሥራ ጓደኞቹ በ1987 ለሦስቱም የተለያየ ስም እስከ ሰጧቸው ድረስ የሊቃውንቱ ንግግር ብዙ ጊዜ የተደባለቀ ነበር። ብርድ የሚፈታው ሦስተኛውን እንቅልፍ ነው።

ዛፉ ይህን የመሰለ ጠባይ ለምን እንዳገኘ የትውልድ አገሩ ይመሰክራል። የፖም ዛፍ ከማዕከላዊ እስያ፣ ከቲያን ሻን ተራሮች የመጣ ነው። በዚያ አገር በብርድ ወራት መካከል አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ሞቃት ቀናት ብቅ ይላሉ። በእነዚህ ቀናት ተታሎ አበባውን የከፈተ ዛፍ ተከትሎ በሚመጣው ውርጭ ፍሬውን ያጣል። ያሳለፈው ብርድ እስኪበቃው ድረስ ለሙቀት ጆሮ የማይሰጥ ዛፍ ግን ዘሩን ያተርፋል። ኮክ በበኩሉ የቻይና ተወላጅ ነው። ቻይና ከበረዷማ ሰሜን እስከ ሞቃት ደቡብ የተዘረጋች በመሆኗ የኮክ ዝርያዎች በብርድ ፍላጎታቸው እጅግ ይለያያሉ። ከአገር ወደ አገር ሲዞር ኢትዮጵያ የደረሰውም ይኸው ዛፍ ነው፤ ስሙን ይዞ የመጣው ከዐረብኛው «ኸውኽ» ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ብርድ በሞላባቸው አገሮች ገበሬው ለሺህ ዓመታት ፖም ሲተክል ኖሮ፣ ዛፉ ብርድ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ የሚያስገድደው ምክንያት አልነበረውም። ብርዱ ሳይጠራ በየዓመቱ ይመጣ ነበርና። ለእርሱ ብርድ ጠላት ነበር፤ አበባ የሚያቃጥል፣ ግንድ የሚሰነጥቅ። እንቅልፉም ቢሆን ለነጋዴ እንቅፋት ከመሆን በቀር ሌላ ትርጉም አልነበረውም። በሰሜን አውሮጳ ለገና በዓል አበባ አስቀድመው አስፈክተው የሚሸጡ አትክልተኞች እንቅልፉን በብልሃት ለመስበር ይደክሙ ነበር። ዴንማርካዊው ዊልሄልም ዮሐንሰን በ1900 ባሳተመው ሥራ የሊላክ ቁጥቋጦን በኤተር ትነት በማጠን ከጊዜው በፊት እንዲያብብ ማድረግ እንደሚቻል አስረዳ። ይህ ሰው በ1909 «ጂን» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠ ነው። ከእርሱ ጥቂት ዘግይቶ ሃንስ ሞሊሽ ቅርንጫፎቹን ለጥቂት ሰዓታት በሞቀ ውሃ በመንከር ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ሁለቱም ሊቃውንት የሚፈልጉት እንቅልፉን ማሸነፍ ነበር።

የብርድ ጥቅም ጎልቶ የታየው ብርድ የተከለከለ ተክል በተገኘ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ «አገር» በመስተዋት የተሠራ ቤት ነበር። በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የዕፅዋት ሊቅ የነበረው ፍሬድሪክ ኮቪል ከ1906 ጀምሮ ብሉቤሪ የሚባለውን የዱር ቁጥቋጦ ወደ እርሻ ተክልነት ለመለወጥ ይሠራ ነበር። ተክሉ ኮምጣጣ አፈር እንደሚወድ ያወቀው እርሱ ነው። በ1910 ያሳተመውን ጽሑፍ ያነበበችው ኤልሳቤጥ ዋይት የተባለች የኒው ጀርሲ ገበሬ ልጅ ከእርሱ ጋር ለመሥራት ጠየቀች። እርሷ በአካባቢዋ ያሉ ሰዎች ፍሬው ትልቅ የሆነውን ቁጥቋጦ ከጫካ እየፈለጉ እንዲያመጡላት አደረገች፤ እርሱም አዳቀለ። በ1916 የመጀመሪያው ፍሬ ለገበያ ቀረበ።

ኮቪል ሥራውን ለማፋጠን ሲል አንዳንዶቹን ተክሎች በጸደይ ፈንታ ገና በመከር ወራት ወደ ሞቀው የመስተዋት ቤት አስገባቸው። ሙቀትና ውሃ ሳይጐድልባቸው ዓመቱን ሙሉ ሊያድጉ ይገባ ነበር፤ እነርሱ ግን ቅጠላቸውን አራግፈው ወራት ሙሉ ተኙ። በውጭ፣ በበረዶ ውስጥ የተተዉት ጓደኞቻቸው ጸደይ ሲመጣ በአበባ ሲሸፈኑ፣ የሞቀው ቤት እንግዶች እንደ ደረቅ ጭራሮ ቆመው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ሙከራ በቀላልነቱ የሚደነቅ ነው። ከአንድ ተክል አንዱን ቅርንጫፍ በመስተዋቱ ቀዳዳ አሳልፎ ብርዱ ውስጥ እንዲከርም አደረገው፤ የቀረው አካሉ በሙቀት ውስጥ ቆየ። በጸደይ ጊዜ ቅጠል ያወጣው ውጭ የከረመው ቅርንጫፍ ነበር። ሥሩ አንድ፣ ግንዱም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ብርድ ያገኘው ብቻ ነቃ። እንግዲህ ብርዱን የሚቀበለው ዛፉ በጠቅላላው ሳይሆን እያንዳንዱ እምቡጥ ለራሱ ነው። ኮቪል ይህን በ1920 አሳተመ። ብርዱ በግንዱ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለውጥ ነው ብሎ ያቀረበው ማብራሪያ እንደ ተሟላ መልስ ሊቈጠር አልቻለም፤ ምልከታው ግን እስከ ዛሬ አልተነቀነቀም።

ከመስተዋት ቤት ወደ እርሻ ሜዳ ነገሩን ያወጣው የካሊፎርኒያ ችግር ነው። ከምሥራቃዊው አሜሪካና ከአውሮጳ ዝርያ እያመጡ ሰፋፊ የፍሬ እርሻ የተከሉት የካሊፎርኒያ ሰዎች፣ የብርዱ ወራት ለብ ባለ ዓመት ዛፎቻቸው እንደ ታመመ ሰው ሲሆኑ ያዩ ነበር። ቅጠሉ ሳምንታት ዘግይቶ ይወጣል፤ ከጫፍ ጥቂት እምቡጥ ብቻ ይከፈታል፤ የተራቈተውን ቅርንጫፍ ፀሓይ ይልጠዋል፤ የአፕሪኮት አበባ ገና በእምቡጡ ሳለ ይረግፋል። ዊልያም ቻንድለርና አራት ጓደኞቹ በ1937 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጽሑፍ ይህን ሁሉ ከብርድ ማነስ ጋር አያይዞ ዝርያን ከዝርያ አነጻጸረ። በሌላው የአገሩ ዳር፣ በጆርጂያ ፎርት ቫሊ፣ ጆን ዋይንበርገር የኮክ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ከሚለው መጠን በታች ስንት ሰዓት ማሳለፍ እንዳለባቸው ቈጥሮ በ1950 አሳተመ። ለአንዳንዶቹ ጥቂት መቶ ሰዓት ይበቃል፤ ሌሎቹ ከ1,000 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። ገበሬው ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፉ የሚጠይቀው አዲስ ጥያቄ አገኘ፤ «ስንት ሰዓት ብርድ ይፈልጋል?» የሚል።

ነገር ግን ይህ አቆጣጠር የተወለደበትን አገር አየር ተሸክሞ የሚዞር ነው። በጆርጂያ ብርዱ ከመጣ በአመዛኙ ይሰነብታል፤ ስለዚህ ሰዓትን መቍጠር ብቻ ይበቃ ነበር። በ1974 በዩታ የሪቻርድሰን፣ የሲሊና የዎከር ቀመር ወጣ። በእርሱ መሠረት ዛፉን የሚጠቅመው ከ2.5 እስከ 9 ዲግሪ ያህል ያለው ልከኛ ብርድ ነው፤ ከዜሮ አጠገብ ያለው ውርጭ ምንም አይጨምርም፤ ከ16 ዲግሪ በላይ ያለው ሙቀት ደግሞ የተጠራቀመውን ይቀንሳል። ቀመሩ በዩታ ተራሮች መልካም ሆኖ ሳለ፣ ሞቃት ቀን ባላቸው አገሮች ግን ድምሩ ከባዶ በታች ይወርድ ጀመር። በወረቀት ላይ አንድም ብርድ ያላገኘ ዛፍ በእርሻው ላይ አብቦ ታየ ማለት ነው። የደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች በ1994 ያወጡት ማሻሻያ የአንዱ ቀን ጕድለት ወደሚቀጥለው ቀን እንዳይሻገር አደረገ። ይህ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አልነበረም።

ከሁሉ የጠለቀው ሥራ የተሠራው በእስራኤል፣ በቮልካኒ የምርምር ማእከል ነው። አምኖን ኤሬዝና አሜሪካዊው ጋሪ ኩቪሎን የኮክ ተክሎችን በአንድ ቀን ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከሙቀት ወደ ብርድ እያመላለሱ ፈተኑ። ያገኙት ውጤት ሦስት ገጽታ ነበረው። ብርዱን ተከትሎ ወዲያው የሚመጣ ብርቱ ሙቀት የብርዱን ሥራ ያፈርሳል፤ ሙቀቱ ዘግይቶ ከመጣ ግን አያፈርስም፤ ለብ ያለ፣ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ያህል የሆነ ሙቀት ደግሞ ከብርዱ ጋር ሲፈራረቅ እንዲያውም ይረዳዋል። ከስቬትላና ፊሽማን ጋር በ1987 ያወጡት ቀመር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። እንደ ቀመሩ ብርዱ በእምቡጡ ውስጥ መጀመሪያ በቀላሉ የሚፈርስ ነገር ይሠራል። ያ ነገር በቂ ሲሆን ወደማይፈርስ አንድ «ድርሻ» ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀት አይነካውም። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ሲያበጅ ዝናብ ቢመታው እንደሚፈርስ፣ ከተተኰሰ በኋላ ግን ዝናብ እንደማይጐዳው ያለ ነው። በእምቡጡ ውስጥ ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ቀመሩ ራሱ አይናገርም። በኋላ በሜክሲኮ የተገኘ አንድ የኮክ ዐይነት መንገዱን አመለከተ። ይህ ዛፍ ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ እንኳ የቅርንጫፉ ጫፍ አይተኛም። በ2008 እንደ ታወቀው የስድስት ተያያዥ ጂኖች ሥራ በእርሱ ውስጥ ተቋርጧል። እነዚህ ጂኖች በሌላው ኮክ እንቅልፉን ከሚጠብቁት ዋነኞቹ ናቸው።

ሳይንሱ እስኪደርስ ያልጠበቁ ሰዎችም ነበሩ። በእስራኤል የባሕር ዳር ሜዳ፣ በኤን ሼመር ኪቡጽ፣ አባ ሽታይን የተባለ አትክልተኛ «ቀይ ሐዳሲያ» የሚባለውን የአካባቢ ፖም «ጎልደን ዴሊሸስ» ከሚባለው ጋር አዳቅሎ፣ 300 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ብርድ የሚበቃው ዝርያ አወጣ። «አና» ብሎ በልጁ ስም ጠራው። በፍሎሪዳ ደግሞ ራልፍ ሻርፕ ኮቪል የጀመረውን የብሉቤሪ ሥራ ወደ ደቡብ ወሰደው። በፍሎሪዳ አሸዋ ላይ የሚበቅለውን፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያረግፈውን ትንሽ የዱር ብሉቤሪ ከሰሜኑ ጋር በማዳቀል ጥቂት ብርድ ብቻ የሚበቃው ዘር አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች በ1976 ለገበሬ ተሰጡ። ብሉቤሪ ዛሬ በፔሩ የባሕር ጠረፍ በረሃ ሳይቀር የሚመረተው በዚህ ዐይነት ማዳቀል ምክንያት ነው።

ስለ ዝርያ ከተነገረው ይልቅ የሰው ልማድን ለሚያጠና የሚያስደንቀው የጃቫ ገበሬዎች ብልሃት ነው። በምሥራቅ ጃቫ፣ በማላንግ አጠገብ በባቱ ደጋ፣ ደቾች ያመጡት የፖም ዛፍ ዓመቱን ሙሉ በማይለዋወጥ አየር ውስጥ ይበቅላል። ገበሬዎቹ ፍሬውን ከለቀሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዛፉን ቅጠል በእጃቸው አንድ በአንድ መልምለው ራቁቱን ያስቀሩታል። እምቡጡ ወዲያው ይፈነዳል፤ ዛፉም በዓመት ሁለት ጊዜ ያፈራል። አሜሪካዊው ጁልስ ጃኒክ በ1974 ስለዚህ ሲጽፍ የሰሜኑ ሊቃውንት ተደነቁ። ነገሩ ከላይ በተነገሩት ሦስት እንቅልፎች ሲታይ ግልጽ ነው። ገበሬው እምቡጡን ከጥልቁ እንቅልፍ አልቀሰቀሰውም፤ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ሳይገባ፣ ገና ቅጠሉ ብቻ በሚከለክለው ጊዜ ቀደመው እንጂ። የጊዜው ምርጫ የሥራው ሁሉ ቍልፍ ነው፤ ቢዘገይ መመልመሉ ከንቱ ድካም ይሆናል። ይህን ልክ ገበሬዎቹ ያገኙት ያለ ቴርሞሜትር ነው። የባቱ ፖም እርሻ በቅርብ ዓመታት እያነሰ፣ ብዙው መሬት ለብርቱካን ተለቋል፤ ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ የሙቀቱ መጨመር ነው።

ባለ ገንዘብ ገበሬዎች የያዙት መንገድ ሌላ ነው፤ በኬሚካል መርጨት። ሃይድሮጅን ሲያናማይድ የሚባለው ፈሳሽ ጥቂት ብርድ የጐደለውን እምቡጥ ይቀሰቅሳል። ለሚረጨው ሰው ግን አደገኛ ነው፤ በተለይ መጠጥ የጠጣውን ሰው ክፉኛ ያሳምማል። የአውሮጳ ኅብረት በ2008 ከሚፈቅዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውጭ አድርጎታል። ደግሞም ኬሚካሉ የጐደለውን ጥቂት ይሞላል እንጂ ብርዱን ጨርሶ አይተካም።

የብርድ ማነስ የሞቃት አገሮች ጉዳይ ብቻ መሆኑ እያበቃ ነው። ከ2013 እስከ 2014 በነበረው ለብ ያለ የብርድ ወራት ምክንያት የካሊፎርኒያ የቼሪ ምርት እጅግ ወደቀ። ዋይንበርገር ሰዓት የቈጠረበት የጆርጂያ ግዛት በ2017 ከኮክ ምርቱ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል አጣ። በመጀመሪያ ብርዱ አነሰ፤ ቀጥሎም በመጋቢት ውርጭ መታው። አይኬ ሉደሊንግና ጓደኞቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ብርድ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ መሄዱንና ወደ ፊትም ብዙ ዝርያ በዚያ ሊቈይ እንደማይችል አሳይተዋል። የተተከለ የፍሬ ዛፍ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የታሰበ ንብረት ስለ ሆነ፣ ገበሬው ዛሬ የሚመርጠው ዝርያ ልጁ የሚወርሰውን አየር መቋቋም አለበት።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚታየው ከሁሉ ይልቅ በጋሞ ደጋ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጨንቻ የእንሰትና የሸማኔ አገር ናት። ፖም የገባባት በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን እጅ ነው። ዛሬ ፍሬው አዲስ አበባ ገበያ ላይ በጨንቻ ስም ይሸጣል፤ ችግኙም ወደ ሌሎች ደጋዎች ተሰራጭቷል። ለብዙ ቤተ ሰብ ከፍሬው ይልቅ ችግኙ የተሻለ ገቢ ያመጣበት ጊዜም ነበር። በዚህ አገር የአንድ ቀን የሌሊትና የቀን ልዩነት ከዓመቱ ወራት ልዩነት ይበልጣል። ብርዱ በየሌሊቱ ይሰጣል፤ በየቀኑም ይወሰዳል። በዩታ ቀመር ቢሰላ ዛፉ እዳ ላይ የሚወድቅበት ቦታ ብዙ ነው። የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከሌሊቱ በኋላ የሚመጣውን ፀሓይ አያስብም። ከቀመሮቹ ሁሉ ለእንዲህ ዐይነቱ አየር የሚቀርበው የእስራኤሉ ነው። እርሱም ቢሆን የሚያስፈልገው የእያንዳንዱ ሰዓት የሙቀት መጠን ነው፤ በየቀኑ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ብቻ በሚመዘገብበት ቦታ የየሰዓቱን መጠን በግምት ማስላት ግድ ይላል።

ስለዚህ በአንድ የጓሮ ዛፍ ላይ በአንድ ጊዜ አበባ፣ ለጋ ፍሬና የበሰለ ፍሬ ሲታይ፣ ወይም ቅርንጫፉ ከጫፉ በቀር ራቁቱን ሲቀር፣ ዛፉ ታሟል ብሎ መድኃኒት መፈለግ ትርፍ የለውም። ነገሩ ያልተጠናቀቀ እንቅልፍ ነው። ብዙ ብርድ የሚፈልግ ዝርያ ለገዛ ሰው ጕዳቱ የሚታየው ሦስትና አራት ዓመት ከጠበቀ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ መሬቱ ከገብስና ከእንሰት ተነሥቶ ለዛፉ ተሰጥቷል። ችግኙ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ የዝርያው ስም ከመንገድ ከቀረ፣ ገዢው «ፖም» ከሚለው ቃል በቀር የሚያውቀው የለም። አናና «ዶርሴት ጎልደን» የሚባለው ዝርያ ግን በኢትዮጵያ ደጋ በትንሽ ብርድ የሚያፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። አበባቸው በአንድ ጊዜ ስለሚከፈትና አንዱ ሌላውን ስለሚያዳቅል ጎን ለጎን ይተከላሉ። አንዱ የመጣው ከሜዲትራኒያን ዳር፣ ሌላው ከባሃማ ደሴት ነው።